ሸሚዝ ስር የሚውል መዶሻ

ሆልት፣ ምሥራቅ አይስላንድ
ኦክቶበር 3 ቀን 1993

ለውድ የእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለኤይቪንዱር፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ፣ ነጎድጓዱ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። በጎቹን ከተራራ አውርደን ለይተን ጨርሰናል። አንዷ በጌ ከጎረቤቴ ከቄስ ሃልግሪሙር መንጋ ውስጥ ተገኘችና «ሊና፣ በግሽ እንኳ ክርስትና ተነሳች!» ብሎ አገር አሳቀብኝ። «የክርስትና አባት ከሆንክማ የዘንድሮ ድርቆሿን አንተው ቻል» አልኩት። እሱም ሳቀ። ይሄ ሰውዬ ባይኖር በምን እቀልድ ነበር?

እናትህ ደውላልኝ ነበር። እዚያ ስዊድን እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ የሚያናግርህ ሰው የለም አሉ። ሆዴን በላኝ። ስለዚህ ይህችን ትንሽ ጥቅል ልኬልሃለሁ። የቶር፣ የጥንቱ የነጎድጓድ አምላካችን፣ መዶሻ ናት፤ አንገት ላይ የምትጠለቅ። በአባቴ የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ ነው ብር አቅልጬ ያፈሰስኳት። ብሩ ከሴት አያትህ፣ ከእህቴ ከስቴይኑን የበዓል ቀሚስ ቁልፍ የመጣ ነው። ከቁልፉ ላይ አንዲት የቅጠል ጌጥ ነቅዬ በጀርባዋ በኩል በይጄባታለሁ። ቅጠል ያለበት መዶሻ ሌላ ሠርቼ አላውቅም፣ አልሠራምም። ቅጠሉ ወደ ቆዳህ ይሁን።

የቤታችንን ደንብ ሳታውቅ ነው በልጅነትህ የወጣኸው፤ ልንገርህ። ያፈሰሰ ሰው መጀመሪያ ራሱ ያጠልቀዋል። ጠዋት ሲነሳ ብሩ ደረቱ ላይ የማይቀዘቅዘው እስኪሆን ድረስ አያወልቀውም። ከድንጋይ በቀጥታ ወደ ሰው አንገት የሄደ ብር ያው ድንጋይ ነው። የተሰጠው ሰው ደግሞ ከሸሚዙ ስር ያደርገዋል። የቄሱ ሰዎች መስቀላቸውን ውጭ ቢያንጠለጥሉ መብታቸው ነው፤ የኛ ግን ለማየት አይደለም። ወንድ አያትህ አርባ ዓመት ባሕር ላይ ሲውል መዶሻውን የምናውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ነበርን።

ቶር የጌቶች አምላክ አይደለም፤ የባለ ትንሽ መሬትና የዓሣ አጥማጅ ወዳጅ ነው። መዶሻው ሙሽራ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃን ይባረክበታል፣ ብርድንና ማዕበልን ያርቃል። ሰው ላይ አይነሳም። ይኸው ነው ሃይማኖቴ፣ መንግሥት ከመዘገበልን እንኳ ሃያ ዓመቱ፤ መንደሩ ግን ዛሬም «አረማዊቷ ሊና» ይለኛል።

ብላ፣ ልበስ፣ ጻፍልኝ።

የምትወድህ አክስትህ፣
ሲጉርሊና


ስዊድን፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1993

ለተከበሩ እትዬ ሊና፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ አሁን በጣም ደህና ነኝ። «አሁን» ያልኩት ጥቅሉ ሲደርስ ሳንባዬን ታምሜ አልጋ ላይ ስለነበርኩ ነው። ከታች ያለው ቤት ውስጥ ሴናዳ የምትባል ከጦርነቱ ሸሽታ ከቦስኒያ የመጣች ሴት አለች፤ አይላ ከምትባል ትንሽ ልጇ ጋር። የኛን መሥሪያ ቤት መመገቢያ ክፍል የምታጸዳው እሷ ናት። ሳስል ከታች ሰምታ ሾርባ ይዛ መጣች። እስክድን ድረስ ስትመላለስ ከረመች። ደረቴን ቅባት ስታሸኝ መዶሻውን አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ከብርድ የሚጠብቅ ነው» ብላት «እንግዲያው ዘግይቶ ደርሷል» ብላ ሳቀች። ስዊድንኛችን የሁለታችንም ስብርብር ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

ዋናው ወሬዬ ግን ሌላ ነው። ወደ ሥራ ስመለስ ገላ መታጠቢያው ጋ ኮኒ የሚባል ልጅ መዶሻውን አየ። አንድ ቀን አናግሮኝ የማያውቅ ሰው! «የእውነት ነው? ከአይስላንድ? አክስትህ ሠርታው?» እያለ አፈጠጠብኝ። በማግስቱ ምሳ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። እትዬ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ግድግዳ እያየሁ ነበር የምበላው። ኮኒና ጓደኞቹ ስለ ድሮ አባቶች ብዙ ይጠይቁኛል፤ የማላውቀውንም እንደማውቅ ሆኜ እመልሳለሁ። ይሳቁብኝ እንጂ!

ስድስት ልጆች እንደኔ ዓይነት ይፈልጋሉ። ይሠሩላቸው ይሆን? የጠየቁትን እንከፍላለን ብለዋል።

አክባሪዎ፣
ኤይቪንዱር


ሆልት፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1993

ውድ ልጄ ኤይቪንዱር፤

መዳንህን ስሰማ እሰይ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ለዚያች ለሴናዳ ምን ብዬ ላመስግናት? እጇ ይባረክ። ለልጅቷ የእጅ ሹራብ ልሠራላት ነው፤ የእጇን ልክ በወረቀት ላይ አስምረህ ላክልኝ።

መዶሻ አልሸጥም። አባቴም አልሸጠም። ብር ግን ብዙ ስለሌለኝ ልጆቹ የተሰበረ የብር ማንኪያ ካላቸው ይላኩ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ መቼም ትዕግሥት የለኝም፣ በእጄ በነበረው ጀመርኩት። ስድስቱም አንገቴ ላይ ናቸው። ትናንት ዓሣ ልገዛ ስገባ ከካፖርቴ ስር ሲንሿሿ ባለ ሱቁ «ሊና፣ ማን ቃጭል አሠረልሽ?» አለኝ። ቄስ ሃልግሪሙር ደግሞ ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር፤ «እንዳትጠፋ ነው» አለ። ልባቸው እስኪፈርስ ሳቁ። እኔ ግን እንደዘንድሮ ኮርቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነበርኩ፤ አሁን በባዕድ አገር ያሉ ጎረምሶች የእጄን ሥራ ሽተው ይጽፋሉ።

ልጆቹ ለምን እንደሚጠለቅ ያውቃሉ? ንገራቸው። የሙሽራዋንም፣ የሕፃኑንም፣ የሸሚዙንም።

የሴናዳን ነገር እንዳትረሳ።

አክስትህ


ስዊድን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ለእትዬ ሊና፤ ሰላም ለእርስዎ።

ስድስቱ ደርሰዋል። ልጆቹ በደስታ አበዱ። አሁን ደግሞ አሥራ ሁለት ያስፈልጉናል፤ ማንኪያዎቹን በሌላ ጥቅል ልከናል። እስከ ፋሲካ ቢደርሱ ጥሩ ነው። እርስዎ አንገት ላይ መሰንበታቸውን ይተዉት፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ደግሞስ ማን ያውቃል?

የሸሚዙንም ነገር ለኮኒ ነግሬው ነበር። «አባቶቻችን ተሸፋፍነው አልኖሩም» አለኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ። ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፤ ከፊት መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። «እውነተኛው» ነው የሚሉኝ። አንድ ነገር ልንገርዎት፦ መዶሻዎቹን ደረታችን ላይ አድርገን ስንሄድ ሰው መንገድ ይለቅልናል። እኔ ዕድሜ ልኬን መንገድ ስለቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስ የሚለው ይሄ ነው፤ ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም።

ከድሮው ቤት ለቅቄ ኮኒ ጋ ገብቻለሁ። አድራሻው ከጀርባ አለ።

ኤይቪንዱር


ሆልት፣ ማርች 27 ቀን 1994

ውድ ኤይቪንዱር፤

እንደምን ከረምክ? እኔ አለሁ። አሥራ ሁለቱ በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ሁሉንም በተራ አጥልቄያቸዋለሁ። ማን ያውቃል ላልከው፣ እኔ አውቃለሁ። አንገቴ አብጦ ሰንብቷል።

ፎቶውን ምድጃው ላይ ሰክቼው ነበር፤ አነሳሁት። ፀጉራችሁን ምን በላው? እኛ በግ እንኳ በብርድ አንሸልትም። አንተን ለማግኘት መነጽሬን ሁለቴ ወለወልኩ። ከፊት የቆምከው ልጅ አያትህን ይመስላል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ዓይንህን አየሁት። አያትህ እንደዚያ አድርጎ ሰው ያየበት ቀን የለም።

መንገድ የሚለቅላችሁ ሰው ከፍቅር ነው ከፍርሃት? ይሄን መልስልኝ። መልስህ እስኪመጣ ጥቅሉን ማቆየት ነበረብኝ፤ ግን አሮጊትም ሳትጠጣ ትሰክራለች። አሥራ ስምንት ሰው የእጄን ሥራ አጥልቋል ብዬ ለቄሱ ፎክሬያለሁ፤ እንዴት ልመለስ?

የሴናዳ ልጅ የእጅ ልክስ? ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ እኮ። ሴትዮዋ ደህና ናት? ቤት ስትለቅ ተሰናበትካት?

አክስትህ ሊና


ሆልት፣ ጁን 12 ቀን 1994

ኤይቪንዱር፤

ጥቅሉ ደርሷል አልደረሰም፣ ቃል የለም። እናትህም ድምፅህን ከሰማች ቆየች። ዝምታ ለበግም አልበጃት፤ ተው ልጄ። በግልገሎቹ ሥራ እጄ ባይያዝ ተነስቼ እመጣ ነበር።

አንድ መስመር ብቻ ጻፍ። «አለሁ» በል። የሴናዳንም ንገረኝ።

ሊና


ስዊድን፣ ጁላይ 9 ቀን 1994

እጅግ ለተከበሩና ከናቴ ቀጥሎ ለምወድዎት ለእትዬ ሊና፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለከበረ ጤናዎ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎ፣ በጎችዎ፣ ቄሱም ሳይቀሩ እንደምን አሉ? ምድርና ሰማይ ይጠብቁልኝ። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እዚህ ትንሽ ችግር ደርሶብናል። በበጋው በዓል ዕለት ልጆቹ ጠጥተው ነበር። አንድ ቤት ላይ እሳት ተወረወረ። የሞተ ሰው የለም። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ራቅ ብለን ነው የቆምነው፣ ምንም አላየሁም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ፖሊሶች ግን ሁላችንንም እየጠሩ ይጠይቁናል። ሣሩ ላይ አንድ መዶሻ አግኝተዋል፤ ማተቡ ተበጥሶ ወድቆ። እርስዎ እንደሠሩት ስለሚያውቁ ምናልባት የዚያ አገር የፖሊስ ሹም ሊጠይቅዎት ይመጣ ይሆናል።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። ከጠየቁዎት፣ ቅጠሉን በሁሉም መዶሻዎች ላይ እንዳደረጉ ይንገሩልኝ። አንዲት ቃል ናት። ለማንም ጉዳት የላትም። ለእናቴ አይንገሯት።

ልጅዎ፣
ኤይቪንዱር


ሆልት፣ ጁላይ 19 ቀን 1994

ኤይቪንዱር፤

ደብዳቤህ ትናንት ማታ በደረሰኝ ሰዓት መልሱን ጀመርኩ፤ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

መኪና ውስጥ ነበርኩ አልከኝ። ታዲያ ስለ ቅጠሉ ለምን ጨነቀህ? የወደቀው ከአሥራ ስምንቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ቅጠል የሚባል ነገር ካፍህ አይወጣም ነበር። ያንተ ነው የወደቀው። ከቤቱ አጠገብ ነበርክ።

የማን ቤት እንደሆነም አልነገርከኝም። ከዲሴምበር ጀምሮ ስለ አንዲት ሴት ስጠይቅህ፣ አንተ ከዲሴምበር ጀምሮ ዝም። አሁን ዝም ያልከው ነገር ገባኝ። አፌ ቁርጥ ይበል ብዬ ብጽፍም፣ እውነት ከሆነ አፌ ብቻ አይደለም፣ እጄም ቁርጥ ይበል፤ ያፈሰሰው እሱ ነውና።

ሹሙ ትናንት ጠዋት መጥቶ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ቅጠሉ በግልጽ ይታያል። እኔም ደብዳቤህ ገና ስላልደረሰኝ ምንም ሳላውቅ «ይሄማ የኤይቪንዱር ነው፣ የት ጣለው?» አልኩት፤ የጠፋ ዕቃ የተገኘ መስሎኝ ደስ ብሎኝ። ደብዳቤህ ቀድሞ ቢደርስ ምን እል ነበር ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ። ያንኑ እል ነበር። ማወቅህ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ከኔ ሌላ ሰው እንዳይነግርህ።

አሁን ሳይመጡብህ ሂድላቸው። በእግርህ ሂድ። የሠራኸውንም በራስህ አፍ ተናገር። እኔ ላንተ መዋሸት እችል ነበር፤ ለዚያች ሴት ሾርባ ግን መዋሸት አልችልም።

አልጠላሁህም። ከጠላሁህማ ምን ቸገረኝ።

ሊና


ስዊድን፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1994

ለእትዬ ሊና፤

እንደምን አሉ? እኔ ታስሬያለሁ፤ ግን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርስ አንብቤ ኪሴ ከተትኩት፤ አውጥቼም ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ኮኒ እንደ ከሃዲ ቆጥሮኛል። እዚህ ምሳዬን እንደገና ግድግዳ እያየሁ ነው የምበላው።

እውነቱን ልጻፍልዎት። ኮኒ የሴናዳን መስኮት አያውቀውም ነበር። «ያቺ ጽዳቷ የምትኖረው የትኛው ነው?» ሲል ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። አመለከትኩ። ጠርሙሱን ሰጡኝ፤ «እውነተኛው ይወርውር» አሉ። ወረወርኩ። ክንዴን ስሰነዝር መዶሻው ደረቴ ላይ ሲወዛወዝ ማተቡ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ተበጠሰ። ከሸሚዜ ስር ቢሆን ኖሮ አይወድቅም ነበር። እርስዎ እንዳሉት ባደርግ አልያዝም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው በሐሳቤ አፈርኩ።

ሴናዳ የተያያዘውን መጋረጃ በእጇ ነው ያጠፋችው። አይላ ምንም አልሆነችም። እጇን ግን… እትዬ፣ እነዚያ እጆች ደረቴን ያሹ እጆች ናቸው። ፖሊሶቹ መዶሻውን ሲያሳዩዋት «ይሄ ከብርድ የሚጠብቅ ነው» ብላ መለሰችላቸው አሉ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ልጽፍላት ሞከርኩ፤ አልችልም፣ መብትም የለኝም። እርስዎ ይጻፉላት? የልጅቷ እጅ ከአሥር ዓመት ልጅ እጅ ያንሳል። መልስ ሳልሰጥዎት የቀረሁት ይሄን ነበር።

ኤይቪንዱር


ሆልት፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1995

ውድ ልጄ ኤይቪንዱር፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴም እንዳለ አለ። ፍርዱን ሰማሁ። ሁለት ዓመት ተኩል። እናትህ አልቅሳ አልቅሳ አሁን ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው፤ ልትጠይቅህ ትመጣለች፤ ፊት ለፊት እያት።

ከሸሚዝ ስር ቢሆን አልያዝም ነበር ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። የአባቴን ደንብ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ ያን ቀን ግን ውጭ መዋሉ ደግ አደረገ።

ለቄስ ሃልግሪሙር ሁሉንም ነገርኩት። ቅርጽ ማውጫውን ድንጋይ በመዶሻ ልሰብረው አውጥቼ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «የኔን መስቀል ይዘው ስንት ቤት እንዳቃጠሉ ታውቂያለሽ? አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ቀልድ የሚቀልድ እሱ ብቻ ነው። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ድንጋዩን አልሰበርኩትም፤ ግን የማላውቀው ሰው አንገት ላይ የሚውል ነገር ከእንግዲህ አላፈስበትም። አሥራ ስምንቱ እዚያው በየደረታቸው ላይ አሉ። ሁሉም እኔ ጋ ነው የሞቁት። ይሄን ይዤ ነው የምተኛው።

ለሴናዳ ጽፌላታለሁ። የእጅ ሹራብም ላክሁ፤ የልጅቷን በልኳ፣ የእሷን ደግሞ ፋሻ ቢኖርባት ብዬ ሰፋ አድርጌ። ከወር በኋላ ጥቅሉ ተመልሶ መጣ። የልጅቷ የለም፤ አስቀርታዋለች። የራሷን መልሳዋለች። ቃል የለበትም። እኔም ብሆን ቃል አልጨምርም ነበር።

ሹሙ ደግሞ ባለፈው ሳምንት መዶሻህን አመጣልኝ። ባለቤቱ አልፈልገውም ብሏልና ለሠሪው ይመለስ ተባለ አለ። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ቁጥር ተለጥፎበት። አጥቤ፣ ማተብ ቀይሬ፣ ቅጠሉን ወደ ቆዳዬ አድርጌ ከሸሚዜ ስር አጠለቅኩት። ደንቡን ታውቃለህ፤ ሳይሞቅ ለማንም አይሰጥም። ስትወጣ ና፤ ሞቆ ካገኘኸው ትወስደዋለህ።

ሌሎቹ በጥቂት ቀን ይሞቁልኝ ነበር። ይሄ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ ልጄ፣ ስነሳ ይቀዘቅዘኛል።

አክስትህ፣
ሲጉርሊና